ልጆቻችንን በ60 ያርድ ሩጫ አትመዝኑብን

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ጤና ይስጥልኝ። ባለፈው እትማችሁ በስፖርት ገጻችሁ ላይ «ልጅዎ ለቤዝቦል ተፈጥሯል? በአንድ ቀን ፈተና ይወቁ» የሚል ጽሑፍ አውጥታችኋል። ዜና ይሁን ማስታወቂያ አልለየልኝም። ልጆቻችን ተፈትነው ቁጥራቸው ካማረ የኮሌጅ በር በነጻ እንደሚከፈትላቸው ይናገራል። ከግርጌው ስልክ ቁጥር አለው። ከዚያ ወዲህ በቤተ ክርስቲያን ደጅ፣ በለቅሶ ቤት፣ በሥራ ቦታ ሳይቀር ሰው ሁሉ ስለዚሁ ይጠይቀኛል። ልጄ ቤዝቦል እንደሚጫወት ያውቃሉ። እኔም አገር ቤት የስፖርት መምህር እንደነበርኩ ያውቃሉ። ለአንድ ለአንዱ ከመመለስ በእናንተ በኩል ለሁሉም ልመልስ ብዬ ነው የጻፍኩት።

ደሴ ላይ ረጅም ዘመን አስተምሬያለሁ። አሁን የምኖረው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው። መኪና ማቆሚያ ውስጥ የማታ ፈረቃ እሠራለሁ። ልጄ እዚሁ ተወልዶ እዚሁ አደገ። እግር ኳስ ይጫወት ዘንድ ለመንኩት፤ እምቢ አለኝ። ጓደኞቹ ሁሉ ቤዝቦል ናቸው። መጀመሪያ ጨዋታው ጭራሽ አልገባኝም ነበር። ሰዎቹ ሲቆሙ እንጂ ሲጫወቱ አላይም። ዛሬ ግን ከሥራ ወጥቼ እንቅልፌን ትቼ የምሄድበት ነገር ሆኗል።

ጽሑፋችሁ የሚያወራለት ዓይነት የፈተና ቀን ላይ ልጄን ወስጄዋለሁ። የድርጅቱን ስም አልጠራም፤ ብዙ ናቸው፣ ይመሳሰላሉም። ክፍያው ወደ 400 ዶላር ይጠጋል። ልጁ ጀርባው ላይ ትልቅ ቁጥር ይለጠፍለትና በተራ ይሰለፋል። 60 ያርድ ይሮጣል፤ 55 ሜትር ገደማ መሆኑ ነው። ማቆሚያ ላይ የተቀመጠች ኳስ ይመታል፤ ኳሷ ከዱላው ስትወጣ ያላት ፍጥነት በራዳር ይለካል። ከሜዳው ጥግ ወደ ቤዝ፣ ሯጩ ወደሚረግጠው ማረፊያ፣ ይወረውራል፤ እሱም በራዳር ነው። ካቸር ለሆነ፣ ማለትም ከመቺው ኋላ ሆኖ የተወረወረችውን ኳስ ለሚቀበል ልጅ ደግሞ ኳሷ ጓንቱ ውስጥ ከገባችበት ቅጽበት ጀምሮ ሁለተኛ ቤዝ እስክትደርስ ያለው ጊዜ ይያዝለታል። ሁለት ሰከንድ አካባቢ ከሆነ ጎበዝ ይባላል። ማታ ሁሉም ቁጥር በኢሜይል ይመጣል። ከቁጥሩ ሥር ደግሞ ሌላ ዋጋ አለ፤ ከከፈላችሁ የልጁን ቪዲዮ ለኮሌጅ አሰልጣኞች እንልካለን ይላል።

እስቲ የሩጫውን ላንሳ፤ እኔ የማውቀው እሱን ነውና። ሰዓት የሚይዘው አንድ ወጣት ነበር። በግራ እጁ ቡና፣ በቀኝ እጁ ስልክ። ሰዓቱን የሚይዘው በስልኩ ነው። የመጨረሻው መስመር ትይዩ መቆም ሲገባው ከመስመሩ ወዲህ፣ ጥላ ያለበት ቦታ ቆሟል። ልጆቹ ሲነሱ አንዳንዴ ያያቸዋል፣ አንዳንዴ የቡናውን ክዳን ያስተካክላል። ሌሊቱን ዘንቦ ሣሩ ርሷል። ፊተኞቹ ደህና ሮጡ። የልጄ ተራ ሲደርስ መነሻው ጭቃ ሆኗል። ሁለት እርምጃ ያህል ተንሸራተተ። 7.6 ሰከንድ ተባለና ተጻፈ። ይደገም ብዬ ብጠይቅ «ሰልፉ ረጅም ነው» አለኝ።

ሰዓት መያዝ ሥራዬ ነበር። ሰዓት ያዥ ሯጩ ሲነሳ የሚያየው በዓይኑ ነው፤ አይቶ ጣቱ እስኪጫን ጊዜ ያልፋል። መጨረሻው ላይ ግን ሯጩ ሲመጣ እያየ ስለሚጠብቅ በሰዓቱ ይጫናል፣ እንዲያውም ይቀድማል። ስለዚህ በእጅ የተያዘ ሰዓት ከኤሌክትሮኒክሱ ያጥራል። በአትሌቲክስ የአጭር ርቀት የእጅ ሰዓትን ከኤሌክትሮኒክስ ጋር ለማስተያየት 0.24 ሰከንድ የሚጨመርበት ለዚህ ነው። ይህ ትንሽ ነው እንዳትሉኝ። በ2000 (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው) ሲድኒ ላይ ኃይሌ ፖል ቴርጋትን በ10,000 ሜትር የቀደመው በ0.09 ሰከንድ ነበር። ያን ያህል ልዩነት ቡናውን በያዘው ልጅ ስልክ ላይ ጭራሽ አይታይም።

በቤዝቦል ደግሞ የሰከንድ አንድ አሥረኛ ነገር ታስቀይራለች። ለቡድኖች ተጫዋች የሚፈልጉት መልማዮች ለተጫዋች ከ20 እስከ 80 ነጥብ ይሰጣሉ። 50 ማለት በትልቁ የአሜሪካ ቤዝቦል ሊግ መካከለኛ ማለት ነው። የሚመዝኑት አምስት ነገር ነው፤ መምታት፣ ርቆ መምታት፣ ሩጫ፣ ኳስ መልቀምና ውርወራ። በሩጫው 6.8 እና 7.1 ያመጡ ሁለት ልጆች በወረቀት ላይ ፈጽሞ አይገናኙም። አንዱ ፈጣን ይባላል፣ ሌላው ዘገምተኛ። ልዩነታቸው ግን ከሰዓት ያዡ ጣት የመጣ ሊሆን ይችላል።

አንድ ነገር ሳልነግራችሁ እንዳልረሳ። ስንመዘገብ ከየት እንደመጣን የጠየቀን ሰውዬ «ኦ፣ ኢትዮጵያ! ሩጫው ላይማ አንሰጋም» አለ። ኧረ ሰውዬ! 60 ያርድና 10,000 ሜትር ምን አገናኛቸው?

ለመሆኑ ለምን 60 ያርድ ሆነ? ከቤዝ እስከ ቤዝ 90 ጫማ ነው፤ 27 ሜትር ተኩል አይሞላም። 60 ያርድ የሁለት ቤዝ ርቀት መሆኑ ነው። ነገር ግን በጨዋታ ሁለት ቤዝ በቀጥታ መስመር የሚሮጥ ሰው የለም። መሐል ላይ ቤዙን ረግጦ ይታጠፋል። ከመሮጡ በፊት ደግሞ ይሮጣል ወይስ ይቆማል የሚለውን በዓይን ጥቅሻ መወሰን አለበት። ትልቁ ሊግ ይህን ስለሚያውቅ ከ2015 ጀምሮ በየስታዲየሙ ካሜራና ራዳር ተክሎ ፍጥነትን በጨዋታው ውስጥ ይለካል። ተጫዋቹ በጣም በፈጠነባት አንዲት ሰከንድ ስንት ጫማ ሄደ ነው ጥያቄው። መካከለኛው 27 ጫማ ነው። 30 የሚደርሱት ጥቂት ናቸው። እዚያ ቡናና ስልክ የለም።

በሩጫ ብቻ ቤዝቦል ይቻላል ብሎ የሞከረ ነበር። የኦክላንድ ቤዝቦል ቡድን ባለቤት ቻርሊ ፊንሊ በ1974 ኸርብ ዋሽንግተን የሚባል የአጭር ርቀት ሯጭ አስፈረመ። ሰውዬው በ60 ያርድ የቤት ውስጥ ውድድር ከዓለም ፈጣኖች አንዱ ነበር። ሥራው አንድ ብቻ ነው፤ ሌላው መትቶ ቤዝ ሲደርስ ገብቶ ይሮጥለታል። በ105 ጨዋታ ተሰለፈ። አንድ ጊዜ እንኳ ዱላ ይዞ አልቆመም። 31 ቤዝ ሰረቀ፤ ማለትም ኳስ ሳይመታ ሮጦ ቀጣዩን ቤዝ ያዘ። 17 ጊዜ ግን ተያዘ። ይህ ለእንደሱ ዓይነት ፍጥነት የሚያኮራ ውጤት አይደለም። በ1974ቱ የዓለም ዋንጫቸው ሁለተኛ ጨዋታ፣ መጨረሻው ላይ፣ ነጥብ በምታስፈልግበት ሰዓት አስገቡት። የተጋጣሚው የዶጀርስ ቡድን ፒቸር (ኳስ ወርዋሪ) ማይክ ማርሻል ዞር ብሎ ወደ አንደኛ ቤዝ ወረወረና ዋሽንግተንን ቆሞ አስያዘው። እግሩ ምን ጎደለው? ምንም። የፒቸሩን ትከሻ ማንበብ ነበር የጎደለው። በማግስቱ ዓመት አሰናበቱት።

ማይክል ጆርዳንንም ታስታውሱታላችሁ። እንደሱ ያለ ስፖርተኛ ከየት ይመጣል? በ1994 ቅርጫት ኳሱን ትቶ በታችኛው ሊግ ለበርሚንግሃም ባሮንስ ተጫወተ። ከአምስት ሙከራው አንዱን ብቻ ነበር የሚመታው፤ 0.202። በየትኛውም የፈተና ቀን ግን ጆርዳን አንደኛ ይወጣ ነበር።

ፈተና ሁሉ ከንቱ ነው አልልም። ጽሑፋችሁ የካንሳስ ሲቲን ነገር ማንሳቱ ትክክል ነው፤ ግማሹን ትቶ ግማሹን ባይነግረን ኖሮ። የከተማው ቤዝቦል ቡድን የሮያልስ ባለቤት ኢዊንግ ኮፍማን በመድኃኒት ንግድ የበለጸገ ሰው ነበር። ስፖርተኛ የሆነን ልጅ፣ ቤዝቦል ባያውቅም፣ አስተምሮ ተጫዋች ማድረግ ይቻላል ብሎ አመነ። በ1970 በየከተማው ከ7,000 በላይ ወጣቶችን አስፈተነ። 60 ያርድን በ6.9 ሰከንድ መሮጥ አንዱ መስፈርት ነበር። ዓይን ተፈተነ፣ የሰውነት ሚዛን ተፈተነ። ያለፉት 40 ያህል ናቸው። ከነሱ አንዱ ፍራንክ ዋይት ነው። የተማረበት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የቤዝቦል ቡድን እንኳ አልነበረውም። የሮያልስ አዲሱ ስታዲየም ሲገነባ በቀን ሥራ ሠርቷል። ኋላ እዚያው ስታዲየም ውስጥ ሁለተኛ ቤዝ ላይ ቆሞ፣ በኳስ መልቀም ስምንት ጊዜ የወርቅ ጓንት ተሸለመ። በ1985 ከቡድኑ ጋር ዋንጫ በላ።

ደስ የሚል ታሪክ ነው፤ ለኔ ቢጤ የስፖርት መምህርማ ዓይን ያስለቅሳል። ግን የተረሳው ግማሽ ይኸውላችሁ። እነዚያ ልጆች ተፈትነው ቁጥር በኢሜይል አልተላከላቸውም። ፍሎሪዳ፣ ሳራሶታ ወስደው አስቀመጧቸው። ጠዋት ኮሌጅ ይማራሉ፣ ከሰዓት በኋላ ሜዳ ላይ ይውላሉ። ምግቡም፣ መኝታውም፣ አሰልጣኙም በኮፍማን ወጪ ነበር። ፈተናው ወደ ትምህርት ቤት የመግቢያ በር ነበር እንጂ ራሱ ዕቃ ሆኖ አልተሸጠም። ወጪው ስለከበደ በ1974 ተዘጋ። በሬ የሚገዛ ገበሬ ጥርሱን ያያል፤ ግን ጠምዶ ሳያርስበት ገንዘብ አይቆጥርም። እኛን ጥርስ ቆጥረው ብቻ ነው ገንዘብ የሚቀበሉን።

ጽሑፋችሁ የድሮውን የቤዝቦል ኮከብ ቤብ ሩትንም ምስክር አድርጎ ጠርቶታል። «ሳይንስ ከመቶ ዓመት በፊት ያረጋገጠው ነው» ይላል። ታሪኩ እውነት ነው። በ1921 ሩትን ከጨዋታ በኋላ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ልቦና ቤተ ሙከራ ወሰዱት። ዓይኑ ከተራው ሰው በ12 በመቶ ይፈጥናል፣ ነርቩም ከ500 ሰው ከ499ኙ ይልቅ የረጋ ነው ተባለ። እሺ። ግን ያኔ ሩት ማን ነበር? ባለፈው ዓመት 54 ሆም ረን (ከሜዳው አጥር ውጭ የምትወጣ ምት) መትቶ አገር ያናወጠ ሰው ነው። ንጉሥነቱ ከታወቀ በኋላ ነው የለኩት። ያን መሣሪያ ይዞ ስሙ ያልታወቀ የ13 ዓመት ልጅ ላይ «ይሄኛው ሩት ይሆናል» ያለ የለም።

እንዲያውም ከዚህ የሚበልጥ አለ። በ2006 የሴንት ሉዊስ ቡድን ተጫዋች የነበረውን አልበርት ፑሆልስን በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ እንደ ሩት ፈተኑት። በአንዳንዱ ፈተና ከሁሉም በላይ ነበር። መብራት ሲበራ ቁልፍ ተጫን በሚባለው ተራ የፍጥነት ፈተና ግን ከ100 የኮሌጅ ተማሪዎች 66ቱን ያህል ብቻ ነው የሚቀድመው። በጊዜው ከዓለም አንደኛ የሚባል መቺ ነው፤ በየክፍሉ የተቀመጡ ተማሪዎች ግን ይቀድሙታል! ከዚያ በፊት በ2004 ደግሞ ጄኒ ፊንች የምትባል፣ ቤዝቦልን የሚመስለው የሴቶች ሶፍትቦል ወርዋሪ ለወዳጅነት ጨዋታ መጥታ ይህንኑ ፑሆልስን ባዶ ዱላ አስወንጭፋ መልሳዋለች። ሌላውን ዝነኛ መቺ ማይክ ፒያዛንም እንዲሁ። የሷ ኳስ ከወንዶቹ ፒቸሮች ኳስ በብዙ ይዘገያል። የምትወረውረው ግን ከቀረበ ርቀት፣ ክንዷን ከታች አዙራ ነው። እነዚያ ጀግኖች እንዲህ ዓይነት ክንድ አይተው አያውቁም፤ ኳሷ ወዴት እንደምትሄድ ከምን ያንብቡ?

ነገሩ እዚህ ጋ ነው ያለው። በሰዓት 95 ማይል የምትመጣ ኳስ መቺው ጋ ለመድረስ 0.4 ሰከንድ ያህል ይበቃታል። ዱላውን ማዞር ራሱ ጊዜ ይፈልጋል። ኳሷን እስክትመጣ አይቶ መምታት በሰው ልጅ ዓይንና እጅ አይቻልም። መቺው የሚያየው ከኳሷ በፊት ያለውን ነው፤ ትከሻውን፣ ክርኑን፣ አንጓውን፣ ከጣቱ ስትለቅ ያላትን ሽክርክሪት። ይህ በሺህ የሚቆጠር ኳስ አይቶ የሚገኝ እውቀት ነው። ማቆሚያ ላይ የተቀመጠች ኳስ መትቶ ራዳር ላይ የሚወጣ ቁጥር ስለዚህ ምንም አይነግራችሁም። ኳሷ አትንቀሳቀስማ!

ልጄ ተራው እስኪደርስ ጫፍ ላይ ተቀምጦ ፒቸሩን ሲያይ አየዋለሁ። አይቀልድም፣ አያወራም። አንድ ጊዜ «አባዬ፣ ይሄ ልጅ ቼንጃፕ ሊወረውር ሲል ጓንቱ ሰፋ ይላል» አለኝ። ቼንጃፕ ማለት እጁ በኃይል የተወረወረች አስመስሎ ቀስ የሚያደርጋት ማታለያ ኳስ ናት። ኳሷን በመዳፉ ለማስተካከል ጓንቱ ውስጥ ሲታገል ጓንቱ ይከፈታል ማለት ነው። እኔ አፍጥጬ ባይም አልታየኝም። እሱ ግን ገብቶ ጠብቆ ያቺን ኳስ መሐል ሜዳ ላከልኝ። ለዚህ የሚለጠፍ ቁጥር ከየት ይምጣ?

ገንዘብ ከፍላችሁ የምታስፈትኑት ነገር ካማራችሁ ዓይን አስፈትኑ። ይህን በቁም ነገር ነው የምለው። በ1990ዎቹ ሐኪሞች የዶጀርስን ተጫዋቾች ዓይን ለዓመታት መርምረው ነበር። አማካዩ 20/13 አካባቢ ሆነ። ደህና ዓይን ያለው ሰው በ13 ጫማ ርቀት የሚያየውን እነሱ በ20 ጫማ ያዩታል ማለት ነው። የኔ ልጅ ቀን ቀን ደህና እየመታ ማታ በመብራት ሲጫወቱ ይስት ነበር። አሰልጣኙ ትኩረት ጎደለው አለ። እናቱ ናት ዓይን ሐኪም ጋ የወሰደችው። ትንሽ የርቀት ችግር ተገኘ። መነጽር አደረገ፤ ያ ነገር ቀረ። ለዚህ ሁሉ ከፈተናው ቀን ክፍያ ያነሰ ነው የከፈልነው።

አሁን ወደ ዕድሜ ልምጣ። ፈተናው ቀን ላይ ከልጄ ጎን የቆመው ልጅ ጢም ነበረው። ተሳስቼ ከአሰልጣኞቹ አንዱ መስሎኝ ሰላም ልለው ነበር። ሁለቱም የ13 ዓመት ምድብ ናቸው። በዚህ ዕድሜ ሰዓትና ራዳር የሚለኩት ማን ቀድሞ እንደጎረመሰ ነው። አሜሪካኖቹ ራሳቸው ያውቁታል። የልጆች ቤዝቦል የዕድሜ መቁረጫ ለብዙ ዘመን ሐምሌ መጨረሻ፣ በፈረንጆቹ ጁላይ 31 ነበር። ስለዚህ በኦገስት የተወለደ ልጅ በምድቡ ትልቁ ይሆናል፤ በጁላይ የተወለደው ትንሹ። ትልቁ ሊግ ውስጥ ያሉ አሜሪካውያን ሲቆጠሩ በኦገስት የተወለዱት በጁላይ ከተወለዱት በግልጽ ይበዛሉ። በልጅነቱ ትልቅ የነበረው ተመረጠ፣ የተመረጠው ጥሩ አሰልጣኝ አገኘ፣ ትንሹ ቤቱ ቀረ።

ቬኔዝዌላ ውስጥ ሆሴ አልቱቬን የሂውስተን መልማዮች አጭር ነህ ብለው መለሱት። አባቱ በማግስቱ ተመለስ ብሎ ላከው። በ15,000 ዶላር አስፈረሙት። ቁመቱ ዛሬም 168 ሴንቲ ሜትር ነው። በ2017 የአሜሪካን ሊግ ኮከብ ተጫዋች ተባለ። ፊንች ዱላ ያስወነጨፈችው ፒያዛም በ1988 ቡድኖች ተጫዋች በተራ ሲመለምሉ 1,390ኛ ነበር የተጠራው፣ በ62ኛው ዙር። ኋላ ኩፐርስታውን፣ የዝነኞች አዳራሽ ገባ። ዛሬ ምልመላው 20 ዙር ብቻ ስለሆነ የዛሬው ፒያዛ ጭራሽ አይጠራም።

ከአፍሪካ ተወልዶ ትልቁ ሊግ የደረሰው የመጀመሪያው ሰው ጊፍት ንጎፔ ነው፤ ደቡብ አፍሪካዊ፣ በ2017 ለፒትስበርግ። እሱም ያደገው እናቱ በምትሠራበት የቤዝቦል ክለብ ግቢ ውስጥ ነው። ቤቱ ሜዳው ነበር ማለት ይቻላል። በአንድ ቀን አልተገኘም።

እስካሁን ያልኩት የገንዘብና የጊዜ ጉዳይ ነው። ይህ የሚቀጥለው ግን የአካል ጉዳይ ነው፤ እዚህ ላይ አልቀልድም። የፈተናው ቀን የፒቸሮች ሰልፍ ፊት ለፊት ትልቅ ሰሌዳ ተተክሏል። ልጁ ወረወረ፣ ቁጥሩ በቀይ መብራት ወጣ፣ ወላጆች «ዋው» አሉ። ቀጣዩ ያንን ለመብለጥ ያለ የሌለ ኃይሉን ያወጣል። በወጉ ያሟሟቀ የለም፤ ሰልፍ ላይ ቆመው ሰውነታቸው በርዷል። አንዱ ልጅ በእያንዳንዱ ውርወራ መካከል ክርኑን ይዞ ያሽ ነበር። አባቱ «አንድ ጨምር፣ 75 ማይል ደርሰሃል» ይለዋል። እኔ ልጄን ከሰልፉ አወጣሁት። ተቆጣኝ። መኪና ውስጥ አላናገረኝም።

በትልቁ ሊግ የፈጣን ኳስ አማካይ በ2008 በሰዓት 91.3 ማይል ነበር። በ2024 ደግሞ 94.2 ደርሷል። በዚያው ዓመት መጨረሻ ሊጉ ራሱ ስለ ፒቸሮች ጉዳት ባወጣው ሪፖርት የፍጥነት ጥማት ዋናው ጠንቅ ነው ብሏል፤ ጥማቱ ወደ ልጆች መውረዱንም ጽፏል። የክርን ጅማት ሲበጠስ የሚደረገው ቀዶ ሕክምና በ1974 ለመጀመሪያ ጊዜ የተደረገለት ፒቸሩ ቶሚ ጆን 31 ዓመቱ ነበር። ዛሬ ሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ይደረግላቸዋል። ሊጉ ለወላጆች ያወጣው መመሪያ አለ። የ13 እና 14 ዓመት ልጅ በቀን ከ95 ኳስ በላይ መወርወር የለበትም፤ 66 ከደረሰ አራት ቀን ማረፍ አለበት። ያን ቀን ልጅህ በዚህ ሳምንት ስንት ወርውሯል ብሎ የጠየቀን አንድም ሰው አልነበረም። የዱቤ ካርድ ቁጥር ግን ተጠየቅን።

ስለ ነጻ ትምህርቱ ደግሞ ሒሳቡን እዩት። እስከ 2025 ድረስ አንድ የመጀመሪያ ምድብ የኮሌጅ ቤዝቦል ቡድን የነበረው ሙሉ ስኮላርሺፕ 11.7 ነው። ይህ ለብዙ ተጫዋች ይከፋፈል ነበር። ሩብ ያገኘ ልጅ ተመስገን ይል ነበር። አሁን ሕጉ ተቀይሯል። ለስፖርተኞች ስለመክፈል በፍርድ ቤት የጸደቀውን አዲሱን ስምምነት የገቡ ኮሌጆች የፈለጉትን ያህል መስጠት ይችላሉ፤ ነገር ግን የቡድኑ ተጫዋቾች ቁጥር በ34 ተወስኗል። መስጠት ይችላሉ ማለት ይሰጣሉ ማለት አይደለም። «ቁጥሩ ካማረ ኮሌጅ በነጻ» የሚለው የጽሑፋችሁ አረፍተ ነገር ከየት እንደመጣ አላውቅም። ብዙ ኮሌጅ ለልጁ ገንዘብ የሚሰጠው በትምህርት ውጤቱ ነው። 400 ዶላሩን ለሒሳብ አስጠኚ የከፈለ ሰው የበለጠ ያተርፋል ባይ ነኝ።

የልጃችሁን ሩጫ ማወቅ ከፈለጋችሁ እንዲህ አድርጉ። አቅራቢያችሁ ያለ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መም ላይ፣ ደረቅ ቀን፣ ሁለት ሰው ሰዓት ይያዝ። ሁለቱም መጨረሻው መስመር ትይዩ ይቁሙ። ከወራት በኋላ እዚያው ቦታ ይደገም። ከጎረቤት ልጅ ጋር ሳይሆን ከራሱ ጋር ይተያይ። ምንም አያስከፍልም። ሰዓት ያዥ ያጣ ካለ ቅዳሜ ጠዋት ከፈረቃ ስወጣ ነጻ ነኝ፤ ስልኬ በእናንተ ዘንድ አለ፣ ለጠየቀ ስጡ።

ከዝግጅት ክፍሉ የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ያ ጽሑፍ የተከፈለበት ከሆነ «ማስታወቂያ» ተብሎ ይጻፍበት። ሁለተኛ፣ የስኮላርሺፑ ነገር በሚቀጥለው እትም ይታረም፤ ያንን አምነው ገንዘብ ያስያዙ ወላጆች እንዳሉ አውቃለሁ፣ የመመለሻ ቀኑም ሳያልፍባቸው ቢደርስ ጥሩ ነው።

አክባሪያችሁ፣
የቀድሞ የስፖርት መምህር
አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ
(ስሜ በዝግጅት ክፍሉ ይያዝልኝ)